እርሳስ የሚይዘው እጅ፦ ከገዳሪፍ እስከ መተማ

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ ገላባት የገባ መንገደኛ ዶካን አልፎ ገዳሪፍ ከተማ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ስደተኛም ሲመላለስ ኖሯል። ኡም ራኩባ የሚባለው የመጠለያ ጣቢያ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከኢትዮጵያ የተሰደዱትን አስጠግቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራዩ ጦርነት የሸሹትን ለመቀበል እንደገና ተከፈተ። ታኅሣሥ ላይ ቱናይድባ የተባለው ጣቢያ ተጨመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገረው ሰው ከ60 ሺህ በለጠ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ራሷ በጦርነት ስትታመስ ስደቱ አቅጣጫውን ቀየረ፤ የሱዳን ልጆች በመተማ በኩል ገብተው በአማራ ክልል ኩመርና አውላላ በተባሉት ጣቢያዎች ተጠለሉ።

በዚህ ሁሉ መሀል ትምህርት ይጀመራል፣ ይቆማል፣ ከዓመት በኋላ እንደገና ይጀመራል። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የሱዳኗ ከተማ ዋድ መደኒ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ ወደ ገዳሪፍ የጎረፈው ተፈናቃይ ያረፈው ብዙውን ጊዜ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ነበር። ስለ እርሳስ አያያዝ በዚህ አካባቢ ማውራት ጥቃቅን ነገር ላይ መጠመድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ልጅ የተማረውን ለመምህሩ የሚያሳየው በአብዛኛው በጽሑፍ ነው። ግማሽ ገጽ ሳይሞላ እጁ የሚዝልበት ልጅ ያወቀውን ሁሉ አይጽፍም፤ መምህሩም ያልተጻፈውን አያውቅም። አያያዙን ማረም የሚቻለው ደግሞ አያያዝ ከምን እንደሚመጣ ከታወቀ በኋላ ነው።

እንግሊዛዊው የአካል ጥናት ባለሙያ ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1956 የሰው እጅ ዕቃ የሚይዝበትን መንገድ በሁለት ከፍሎ አሳየ። አንደኛው የኃይል አያያዝ ነው። ዕቃው መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ አራቱ ጣቶች ይጠቀለሉበታል፣ አውራ ጣት ከላይ ይጫነዋል። ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ እርፍ የሚጨበጠው እንዲህ ነው። ሁለተኛው የጥንቃቄ አያያዝ ነው። ዕቃው መዳፉን ሳይነካ በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች ጫፍ መካከል ይቆያል፤ መርፌ ስንይዝ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እንቅስቃሴው ከየት እንደሚነሳ ላይ ነው። በኃይል አያያዝ ሥራውን የሚሠሩት ትከሻና ክርን ሲሆኑ ጣቶቹ ጨብጠው ከመቆየት ያለፈ ሚና የላቸውም። በጥንቃቄ አያያዝ ግን የሚንቀሳቀሱት ጣቶቹ ራሳቸው ናቸው። እርሳስን በጡጫ የያዘ ልጅ፣ እርሳሱ የጥንቃቄ አያያዝ እየፈለገ እሱ ግን የማጭድ አያያዝ ሰጥቶታል ማለት ነው። በመተማ ቆላ የሰሊጥ አጨዳው የሚደርሰው በመስከረም ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን ስለሆነ፣ ቀኑን ሲያጭድ የዋለ ታዳጊ እርሳስ ሲያነሳ እጁ ወደ ጭበጣ ቢያዘነብል አይገርምም።

ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች በሁለት ቦታ ይገኛሉ። ትልልቆቹ ክንድ ላይ ናቸው፤ ጅማቶቻቸው በእጅ አንጓ በኩል አልፈው ጣቶቹን ይስባሉ። ትንንሾቹ እዚያው እጅ ውስጥ ናቸው፤ ጥቃቅኑን እንቅስቃሴ የሚቆጣጠሩት በተለይ እነዚህ ናቸው። የክንዱ ጅማቶች በአንጓው በኩል ስለሚያልፉ የአንጓው አቀማመጥ የጣቶቹን ሁኔታ ይወስናል። አንባቢ ይህን አሁኑኑ ሊሞክረው ይችላል። ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው እጅዎን ያላሉት። አንጓው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ እጅዎ ሲንጠለጠል ጣቶቹ በራሳቸው ይዘረጋሉ። አንጓውን ወደ ኋላ ሲመልሱት ደግሞ ጣቶቹ ሳይታዘዙ ይታጠፋሉ፣ አውራ ጣትም ወደ ሌባ ጣት ይጠጋል። ጡንቻው ምንም አልሠራም፤ ጅማቱ በአንጓው መታጠፍ ስለተወጠረ ጣቶቹን ሳባቸው። እንግዲህ አንጓው በትንሹ ወደ ኋላ ቀና ብሎ ሲቀመጥ ጣቶች እርሳስን ያለ ትግል ይይዛሉ። አንጓው ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲጻፍ ግን ጣቶቹ ሊዘረጉ ስለሚፈልጉ እርሳሱን ላለመልቀቅ በኃይል መጭመቅ ግድ ይሆናል።

እጅ ሲጽፍ ሥራውን በሁለት ወገን ይከፍላል። የቀለበት ጣትና ማርያም ጣት ወደ መዳፍ ታጥፈው ወረቀቱ ላይ ያርፋሉ፤ የእነሱ ድርሻ እጁን ማስደገፍ ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት እርሳሱን ያንቀሳቅሳሉ። እርሳሱ በመሃል ጣት ጎን ላይ አርፎ በአውራና በሌባ ጣት ጫፍ ሲያዝ ባለሦስት ጣት አያያዝ ይባላል። በዚህ አያያዝ ጣቶቹ ሳይንቀሳቀሱ እጁ በሙሉ የሚሄድ ከሆነ አያያዙ ገና አልበሰለም፤ እጁ አርፎ ጣቶቹ ሲተጣጠፉና ሲዘረጉ ነው በስሏል የሚባለው።

መብሰሉ ዕድሜን ይከተላል። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ በጡጫው ይይዛል። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሆነው ጣቶቹን ወደ እርሳሱ ጫፍ ይዘረጋል፣ መዳፉ ግን ወደ ታች እንደዞረ ነው። በአራት ዓመት ገደማ ባለሦስት ጣቱ አያያዝ ይመጣል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ባለው ጊዜ ጣቶቹ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። አሜሪካዊያኑ ተመራማሪዎች ሽኔክና ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ ሰባት የሚጠጋ 320 ልጆችን ተመልክተው ይህንኑ ቅደም ተከተል መዝግበዋል። ለምሥራቅ ሱዳኑ ድንበር ትርጉም ያለው ነገር የዚህ ጊዜ አጭርነት ነው። እርሳስ ሳይነካ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የሚጠበቅበት መጻፍ እንጂ መሞነጫጨር አይደለም። እጁ የአራት ዓመቱን ልምምድ ሳያገኝ የሰባት ዓመቱን ሥራ ይሰጠዋል፣ በመጀመሪያ የመጣለትን አያያዝም አጥብቆ ይይዛል። በየቀኑ የተደጋገመ እንቅስቃሴ ደግሞ ውሎ ሲያድር ያለ ማሰብ የሚሠራ ይሆናልና ከዚያ በኋላ መለወጡ ይከብዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው አቀማመጥ ነው፤ በእኔ ግምት በመጠለያ ክፍሎች ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። ዴስክ በሌለበት ክፍል ምንጣፍ ላይ የተቀመጠች የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናስብ። ደብተሯ ጉልበቷ ላይ ነው። የደብተሩ ልባስ ስስ ስለሆነ እርሳሱ ሲጫን ወረቀቱ ይሰረጉዳል፤ ስለዚህ ግራ እጇ ደብተሩን ከታች ይደግፋል እንጂ ወረቀቱን አይይዝም። ክርኗ የሚያርፍበት ስለሌለው የክንዷን ክብደት ትከሻዋ ተሸክሞታል። ጉልበቷ ከፍ ያለ በመሆኑ አንጓዋ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ማርያም ጣቷ ወረቀቱ ላይ መደገፍ ስላልቻለ እሱም እርሳሱን ሊያግዝ ወጥቷል። መምህሯ መጥቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቢያስተካክልላት እሱ ዘወር ሲል ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ የጣቶቹ አያያዝ ከላይ ለተፈጠረው ችግር የሰጡት መልስ ነውና። ከደብተሩ ሥር ጠንካራ ካርቶን ወይም ጣውላ ሲገባ ወረቀቱ መሰርጎዱን ይተዋል፣ ግራ እጇ ነፃ ይሆናል፣ እጇም መደገፊያ ያገኛል።

ከእርሳሱ በኩል ሁለት ነገር ይታያል፤ ርዝመትና ጥንካሬ። እርሳስ በሚያጥርበት ቦታ አንዱን ለሁለት ቆርጦ ማከፋፈል የታወቀ ነው። ለትልቅ ልጅ ይህ ጥሩ አይደለም፤ የእርሳሱ ጀርባ በአውራና በሌባ ጣት መካከል ባለው ሥጋ ላይ አርፎ ሚዛን መጠበቅ አለበት፣ ቁራጩ ግን እዚያ አይደርስም፣ ስለዚህ ጣቶቹ ይጨምቁታል። ለጀማሪ ትንሽ ልጅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አራት አምስት ሳንቲ ሜትር በሆነች ቁራጭ ላይ ጡጫ የሚጠቀለልበት ቦታ ስለሌለ ልጁ ሳይነገረው በጣቶቹ ጫፍ ይይዛታል። የተሰበረ ጠመኔም ይህንኑ ያደርጋል። ጥንካሬን በተመለከተ የእርሳስ እምብርት ግራፋይትና ሸክላ ተደባልቀው የሚሠራ ነው፤ ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይፈዛል። ጠንካራ እርሳስ የደረሰው ልጅ ጽሑፉ እንዲታይ ይጫናል፣ ለመጫንም ይጨምቃል። ቱ ቢ የሚል ምልክት ያለው እርሳስ ኤች ቢ ከሚለው ለስላሳ ነው፤ በቀላል ጫና ያደምቃል።

አሁን ፊደሉ ላይ እንድረስ። የግዕዝ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ሆሄ ተነጥሎ ይቆማል፣ እጅ በየሆሄው መካከል ይነሳል። ድምፁን የሚለየው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቅጥያ ናት። «ሉ» እና «ሊ» አካላቸው አንድ ነው፤ ቅጥያዋ በጎኑ መሀል ስትሆን አንዱ፣ ከእግሩ ሥር ስትሆን ሌላው ይሆናል። «ሌ» ደግሞ እግሩ ሥር ቀለበት ይፈልጋል። በደብተር መስመር ላይ ይህች ቅጥያ ከአንድ ከሁለት ሚሊ ሜትር አትበልጥም። እሷን በቦታዋ ማስቀመጥ የሚችለው የጣት እንቅስቃሴ ነው። ከክርን የሚጽፍ ልጅ ትልቁን አካል ቢያሳምርም ቅጥያዋ ከፍና ዝቅ ትልበታለች፤ መምህሩም ልጁ ካዕብንና ሣልስን አልለየም ብሎ ያስባል፣ ችግሩ ያለው ግን እጁ ላይ ነው።

ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ሆሄያቱም ይያያዛሉ። እጅ ቃሉን ሳይነሳ ጀምሮ ነጥቦቹን በኋላ ተመልሶ ይጥላል፤ ከሥር አንድ ነጥብ «ባ»ን፣ ከላይ ሁለት ነጥብ «ታ»ን ይለያል። እዚህም ጥቃቅን ምልክት አለ፣ ነገር ግን ረጅሙ ተያያዥ መስመር እጁ እየተንሸራተተ እንዲሄድ ያስገድዳል። የቀኝ እጅ ጸሐፊ በግዕዝ የጻፈው ወደ ግራ ስለሚቀር ያየዋል። በዐረብኛ ግን የጻፈው በእጁ በኩል ይቀራል፤ ስለዚህ እጁን ከመስመሩ ዝቅ ማድረግ አለበት፣ አለዚያ የጻፈውን ይሸፍናል፣ ያደበዝዛልም። ለግራ እጅ ጸሐፊ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። በአማርኛና በትግርኛ የጻፈውን ለማየት አንጓውን ከመስመሩ በላይ አጥፎ የሚጽፍ ግራኝ ልጅ፣ በዐረብኛ ሲጽፍ ያን ማድረግ አያስፈልገውም። ከሱዳን የመጣ የዐረብኛ ጽሑፍ የለመደ ልጅም ሆነ በገዳሪፍ ዐረብኛ የጀመረ ኢትዮጵያዊ ልጅ በአዲሱ ፊደል አያያዙ የተበላሸ ቢመስል፣ እጁ ገና አዲሱን አቅጣጫ እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

በድንበሩ ግራና ቀኝ የኖሩት ሁለት የቆዩ ትምህርት ቤቶችም እጅን በተለያየ መንገድ አሠልጥነዋል። በሱዳኑ ኸልዋ፣ ማለትም በቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ተማሪው ከመጀመሪያው ይጽፋል። ሉሕ በሚባለው ጣውላ ላይ በመቃ ብዕር ጽፎ ያጠናል፣ አጥቦ እንደገና ይጽፋል። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ ይሠራል፤ ሙጫው በገዳሪፍም ከሚበቅለው ከሐሻብ ዛፍ የሚገኝ ነው። ጫፉ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ መቃ ይሳባል እንጂ አይገፋም፣ በጣቶችም መካከል አይሽከረከርም፤ ሲጫኑት ቀለሙን ያፈሳል። የመቃ ብዕር ያሠለጠነው እጅ ቀላል ጫናን ይለምዳል። በእኛ በኩል በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በመጀመሪያ የሚማረው ማንበብ ነው፤ ጽሕፈት ለብቻው የሚማሩት ሙያ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ፊደል የሚቆጥረው ልጅ በእጁ ስንጥር ይዞ ሆሄውን አንድ በአንድ ይነካል። ስንጥሯን የሚይዘው በአውራና በሌባ ጣቱ ነው፣ የሚነካትም ነጥብ ጠባብ ናት። ሳይጽፍ የጽሕፈትን አያያዝ ይለማመዳል ማለት ይቻላል። ዛሬ በመጠለያ ክፍል ውስጥ ፊደል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ልጆች በአንድ ድምፅ ሲሉት ይህ ልምምድ ይቀራል። መልሶ ማምጣቱ ምንም ወጪ የለውም።

በጉልምስና ዕድሜ እርሳስ የያዙም ነበሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ከኡም ራኩባና ከገዳሪፍ አካባቢ ከ6 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። ከመካከላቸው ብዙ ገበሬዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳስ የጨበጡት በዚያ፣ ኡልፓን በሚባለው የዕብራይስጥ ማስተማሪያ ውስጥ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በሚሄድ ፊደል ነው። በአገር ቤትም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው፣ እርፍ የለመደ እጅን ከእርሳስ ጋር አገናኝቷል። የጎልማሳ እጅ ከልጅ እጅ የሚለየው ጉልበት ስላለው ነው፤ የሚጎድለው ጉልበቱን መቀነስ ነው። ስለዚህ ለጎልማሳ ተማሪ የሚሰጠው ትምህርት እጁን ማጠንከር ሳይሆን ማላላት ይሆናል።

የተሳሳተ አያያዝ በምን ይታወቃል? የጣቶቹ ቅርጽ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በካናዳ 120 የአራተኛ ክፍል ተማሪዎችን የተመለከተ ጥናት አራት የበሰሉ አያያዞችን አነጻጽሯል፦ ባለሦስት ጣቱን፣ የቀለበት ጣት የሚጨመርበትን ባለአራት ጣት፣ እንዲሁም በሁለቱም ዓይነት አውራ ጣት እርሳሱን አቋርጦ የሚተኛበትን። ልጆቹ አሥር ደቂቃ ሲገለብጡ በፍጥነትም በጽሑፉ ተነባቢነትም በአያያዞቹ መካከል ልዩነት አልታየም። ይህ ማስረጃ ለመምህር ትልቅ ነገር ይነግረዋል። አውራ ጣቱ ስለተሻገረ ብቻ ልጅን ማረም፣ ይልቁንም ጣቱን በማስመሪያ መምታት፣ መሠረት የለውም።

መታየት ያለበት ጫናውና ድካሙ ነው። የተጻፈበትን ገጽ ገልብጦ በጣት መዳሰስ ብዙ ይናገራል፤ ጀርባው ሁሉ ጎርበጥ ጎርበጥ ካለ ልጁ ከሚገባው በላይ እየተጫነ ነው። የሌባ ጣት ጥፍር ሲጻፍ ቢነጣ፣ የጣቱ የመጨረሻ መገጣጠሚያ ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ፣ ልጁ በየሁለት መስመሩ እጁን ቢያራግፍ፣ ሆሄያቱ ከገጹ አናት ይልቅ ከግርጌው ቢበላሹ፣ አያያዙ ምንም ዓይነት ስም ይኑረው መሻሻል አለበት። እነዚህ ከሌሉ ይተው።

ማሻሻሉ ከሩቁ ወደ ቅርቡ ይሄዳል። በመጀመሪያ መቀመጫው፣ ከደብተር ሥር የሚገባው ጣውላና የክርን ማረፊያው፤ ቀጥሎ ወረቀቱ። በቀኝ እጁ በሚጽፍ ልጅ ፊት ለግዕዝ ፊደል ወረቀቱ ወደ ግራ ጥቂት ያዘነብላል፣ ለግራኙ ወደ ቀኝ። ጣቶቹ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። እርሳሱ ጫፉ ወደ ልጁ ዞሮ ይቀመጣል፤ ልጁ ከጫፉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ላይ በአውራና በሌባ ጣቱ ያነሳዋል፤ በሌላው እጁ ጀርባውን ገፋ ሲያደርገው እርሳሱ ተገልብጦ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያርፋል፣ የመሃል ጣትም ከሥር ይደርሳል። ማርያም ጣትና የቀለበት ጣት እየወጡ ለሚያስቸግሩት የታጠፈ ቁራጭ ወረቀት መዳፋቸው ውስጥ ማስያዝ ይረዳል፤ ወረቀቱ እንዳይወድቅ ሲባል ሁለቱ ጣቶች ታጥፈው ይቆያሉ።

ትንንሾቹ ጡንቻዎች የሚዳብሩት ግን ከጽሕፈት ሰዓት ውጭ ነው፤ ለዚህም ከውጭ የሚገዛ ነገር አያስፈልግም። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሮቹን አፍሶ በመዳፉ ይይዝና አንድ በአንድ ወደ ጣቶቹ ጫፍ እያመጣ በየጉድጓዱ ይጥላል። ይህ ከመዳፍ ወደ ጣት ጫፍ የሚደረግ ማሸጋገር የእጅ ሕክምና ባለሙያዎች ሆን ብለው ከሚያለማምዷቸው ነገሮች አንዱ ነው። ቅልልቦሽም ፈጣን ለቀማ አለበት። ምስር መልቀምና ዶቃ መሰካትም እንዲሁ ናቸው። በሰሌዳ ወይም በግድግዳ ላይ ቆሞ መጻፍ አንጓውን ወደ ኋላ ቀና ስለሚያደርገው፣ ወለል ላይ ተቀምጦ ለሚማር ልጅ በቀን ጥቂት ደቂቃ ይህን ማድረግ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

አያያዙ ለረጋበት ትልቅ ልጅ ለውጡ የሚጀመረው ከፈተና ርቆ፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ይዘቱ በማያስጨንቅ ጽሑፍ ነው። አዲሱ አያያዝ ሲጀመር ጽሑፉ ይዘገያል፣ ያስጠላልም፤ ልጁም መምህሩም ይህን አስቀድመው ካላወቁ በሁለተኛው ቀን ይተዉታል። በቀረው ሰዓት በለመደው ይጻፍ። ዕድሜው አሥራ ሦስት አሥራ አራት ደርሶ ጽሑፉ የሚነበብና እጁ የማያመው ከሆነ ጊዜው ለተቋረጠበት ትምህርት ቢውል ይሻላል።